የአንባቢዎች ጥያቄ፦ ሌዘር ለመብረቅ መንገድ ይጠርጋል ወይ?

ክረምቱ ጠንከር ብሎ ጎንደር ላይ ከሰዓት ከሰዓት ነጎድጓዱ እየተመላለሰ ስለሆነ ነው መሰለኝ ሰሞኑን ከመጡልን መልእክቶች አብዛኞቹ ስለ መብረቅና ስለ ሌዘር ናቸው፣ አንድ ቪዲዮም በቴሌግራም እየዞረ ነው። ስለዚ የዚህን ወር ዓምድ ሙሉውን ለዚሁ ሰጥቼዋለሁ። የሌላ ጥያቄ ላኪዎች ቅር አይበላችሁ፣ በሚቀጥለው ወር እንመለስበታለን።

ጥያቄ (ከማራኪ፣ ተማሪ)፦ ሰላም አዘጋጅ። አንድ ቪዲዮ አየሁ፣ ተራራ ላይ ካለ ማማ አጠገብ ሌዘር ወደ ደመና ይተኮሳል፣ መብረቁ ደሞ ሌዘሩን ተከትሎ ይሄዳል። ጓደኞቼ ኤአይ ነው ውሸት ነው አሉኝ። እውነት ከሆነስ ብርሃን እንዴት አድርጎ ነው መብረቅ የሚመራው? እኛ የተማርነው ብርሃን አየር ውስጥ ዝም ብሎ ቀጥ ብሎ ያልፋል ተብለን ነው።

መልስ፦ ሙከራው እውነት ነው፣ ጓደኞችህ ቢጠራጠሩም አይፈረድባቸውም። የተሰራው እ.ኤ.አ. በ2021 ስዊዘርላንድ ውስጥ ዜንቲስ በሚባል 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ተራራ ላይ ነው። ጫፉ ላይ 124 ሜትር የሚረዝም የቴሌኮም ማማ አለ፣ ያንን ማማ መብረቅ በዓመት 100 ጊዜ ያህል ይመታዋል፣ ለዛም ነው የተመረጠው። ኦሬሊያን ሁዋር የሚባል የፊዚክስ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ከ3 ቶን በላይ የሚመዝን ሌዘር እዛ ድረስ አውጥተው ተከሉት፣ ነጎድጓድ ሲመጣ በአካባቢው በረራ ይዘጋና ሌዘሩ በማማው ጫፍ አጠገብ አልፎ ወደ ሰማይ ይተኮሳል። በነጎድጓድ ሰዓት የሰራው በድምሩ 6 ሰዓት ገደማ ነው፣ በዛ ውስጥ 4 መብረቆች ማማው ላይ ተከስተው የሌዘሩን መስመር እንደተከተሉ ለኩ። አንደኛውን ጁላይ 24 ቀን 2021 ሰማዩ ገለጥ ብሎ ስለነበር በፈጣን ካሜራ ቀርጸውታል፣ መብረቁ 50 ሜትር ያህል ከሌዘሩ ጎን ጎን ሄዷል። እነዚህ መብረቆች ከማማው ጫፍ ተነስተው ወደ ደመናው የሚወጡ አይነት እንጂ ሌዘሩ ከደመና ጎትቶ ያወረዳቸው አይደሉም፣ ይሄን ልብ በልልኝ ምክንያቱም ቪዲዮውን የሚያጋሩት ሰዎች ብዙ ጊዜ እዚህ ጋ ነው የሚያጋንኑት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ብርሃን ቀጥ ብሎ ያልፋል የተባልከው ልክ ነው ግን ለደካማ ብርሃን ነው። ፀሐይም አምፖልም በእጅ የሚያዘው ሌዘርም ሲያልፍባቸው አየሩ ምንም አይሰማውም ማለት ይቻላል። ነገሩ የሚቀየረው ብርሃኑ በጣም በጣም አጭር በሆነ ፐልስ (የብርሃን ብልጭታ) ውስጥ ሲታጨቅ ነው። አንድ ፌምቶ ሰከንድ ማለት አንድን ሰከንድ ለአንድ ሚሊዮን ቢሊዮን ቦታ ከፍለህ አንዷን ስትወስድ ነው፣ ብርሃን በዛች ጊዜ 0.3 ማይክሮ ሜትር ብቻ ነው የሚሄደው፣ ስለዚ 100 ፌምቶ ሰከንድ የሚቆይ ፐልስ ከፊት እስከ ኋላው 30 ማይክሮ ሜትር ነው፣ የአንድ ሚሊ ሜትር 3 በመቶ ማለት ነው። ጎኑ ግን አንድ ሴንቲ ሜትር ሊሰፋ ይችላል። ስለዚ ረጅም የብርሃን ዘንግ ሲሄድ አይታይህ፣ ፊቱን ወደፊት አድርጎ የሚበር ስስ እንጀራ ነው።

እዛ ስስ ነገር ውስጥ 1 ሚሊ ጁል ጉልበት አስገባ እንበል። 1 ሚሊ ጁል ምንም ማለት አይደለም፣ 10 ግራም የምትመዝን የሻይ ማንኪያን አንድ ሴንቲ ሜትር ብታነሳ የምታወጣው ጉልበት ነው። ግን ያ ጉልበት በ100 ፌምቶ ሰከንድ ውስጥ ስለሚያልቅ ኃይሉ 10 ጊጋ ዋት ይሆናል፣ የህዳሴ ግድብ ተርባይኖቹ ሁሉ አንድ ላይ ሲሰሩ 5150 ሜጋ ዋት ነው፣ ማለትም ፐልሷ ለዛች ቅጽበት የግድቡን እጥፍ ትሰጣለች። ለዚህ ያበቃን ዶና ስትሪክላንድና ዤራር ሙሩ እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ሮቸስተር ላይ ያወጡት ዘዴ ነው፣ ፐልሱን መጀመሪያ በጊዜ ይለጥጡታል፣ ተለጥጦ ደካማ እያለ መሳሪያውን ሳይጎዳ ጉልበት ይጨምሩለታል፣ ከዛ መልሰው ይጨምቁታል። ስትሪክላንድ ያኔ የዶክትሬት ተማሪ ነበረች፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ሁለቱም የኖቤል ሽልማት አገኙበት፣ እሷ ፊዚክስ ላይ ከማሪ ኩሪና ከማሪያ ጎፐርት ማየር ቀጥላ ሦስተኛዋ ሴት ናት። አንቺ ይሄን የምታነቢ እህቴ ፊዚክስ ለወንድ ነው ብሎ የሚነግርሽ ካለ ይቺን ተማሪ ንገሪልኝ።

እና ይህን ያህል ብርቱ ብርሃን አየር ውስጥ ሲገባ አየሩ ራሱ ይለወጣል። ብርሃን አየር ውስጥ ከባዶ ቦታ በጥቂቱ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፣ ብርሃኑ በጣም ሲበረታ ደሞ አየሩ ይበልጥ ያዘገየዋል። ይሄ ከር ኢፌክት ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ1875 ጆን ከር የሚባል ስኮትላንዳዊ ባገኘው ነገር የተሰየመ ነው። የጨረሩ መሀል ከዳሩ ይበልጥ ብሩህ ስለሆነ መሀሉ ይዘገያል ዳር ዳሩ ይቀድማል፣ መሀሉ ሲዘገይ ዳሩ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ ብርጭቆ ሌንስ ውስጥ የሚሆነውም ይሄው ነው፣ እዚህ ግን ሌንሱን የሚሰራው ብርሃኑ ራሱ ነው፣ ከራሱ ጋር ይዞት ይሄዳል። የሚታይ ቀይ ብርሃን ካለፈ በኋላ ባለው በ800 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት አካባቢ ይሄ መሰብሰብ ብርሃኑ ከሚበተነው በልጦ የሚያሸንፈው ኃይሉ 3 ጊጋ ዋት ገደማ ሲያልፍ ነው። ከዛ በታች ከሆነ ጨረሩ እንደማንኛውም ብርሃን እየሰፋ ይሄዳል።

ከዛ በላይ ሲሆን ጠበበ፣ ሲጠብ በረታ፣ ሲበረታ ይበልጥ ጠበበ፣ ታዲያ የት ያቆማል? እኔ በዚህ ጉዳይ ከሁሉም የምወደው ቦታ ይሄ ነው። የኦክስጅን ሞለኪውል ኤሌክትሮኑን አልለቅም ይላል፣ ለማስለቀቅ 12 ኤሌክትሮን ቮልት (የጥቃቅን ነገሮች የጉልበት መለኪያ ነው) ገደማ ይፈልጋል፣ በዚህ ብርሃን ደሞ አንድ ፎቶን፣ አንድ የብርሃን ቅንጣት ማለት ነው፣ የሚይዘው 1.55 ብቻ ነው። ስለዚ 8 ፎቶኖች አንድ ላይ ባንዴ መምጣት አለባቸው። ለተራ ብርሃን ይሄ የማይሆን ነገር ነው። ግን 8 ስለሚፈለግ ዕድሉ በብርሃኑ ብርታት 8ኛ ፓወር ነው የሚጨምረው፣ ብርታቱ እጥፍ ሲሆን ዕድሉ 256 እጥፍ ይሆናል፣ ስለዚ ብዙ ርቀት ምንም ሳይሆን ይቆይና በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር 50 ትሪሊዮን ዋት አካባቢ ሲደርስ ድንገት ኤሌክትሮኖች ይለቀቃሉ፣ አየሩ መሀል ላይ ፕላዝማ (ኤሌክትሮኖቹ ከሞለኪውሎቹ የተለዩበት ጋዝ) ይሆናል። ሁሉም ሞለኪውል አይደለም፣ ከሺዎች አንዱ ቢሆን ነው። ነፃ የወጡት ኤሌክትሮኖች ደሞ ተቃራኒውን ያደርጋሉ፣ ብርሃኑን ወደ ውጪ ይበትኑታል። አንዱ ይሰበስባል አንዱ ይበትናል፣ ሁለቱ ሲመጣጠኑ ብርሃኑ 100 ማይክሮ ሜትር ገደማ ስፋት ይዞ ሳይጠብም ሳይሰፋም ይሄዳል። ፊላመንት የሚሉት ይሄን ነው። የነገሩን ትልቅነት ለማየት ይሄን አስላ፣ ተራ ብርሃንን እስከዚህ ብታጠበው አንድ ሴንቲ ሜትር እንደሄደ መበተን ይጀምራል፣ ፊላመንቱ ግን በአስር ሜትሮች ሲመች በመቶ ሜትሮችም ይሄዳል። ለመጀመሪያ ጊዜ አየር ውስጥ በግልጽ የታየው እ.ኤ.አ. በ1995 ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የሙሩ ቡድን ውስጥ ነው፣ ያኔ 20 ሜትር ሄዶላቸዋል።

አሁን መብረቁ ጋ ደረስን። ፕላዝማው ራሱ በናኖ ሰከንዶች ውስጥ ይጠፋል፣ መብረቅ ለመምራት አይበቃም። ሥራ የሚሰራው ኋላ የሚቀረው ሙቀት ነው፣ የሞቀው አየር በድንገት ይለጠጥና ወደ ጎን ይሸሻል፣ እዛ መስመር ላይ ለሚሊ ሰከንዶች ስስ አየር ይቀራል፣ ኤሌክትሪክ ደሞ በስስ አየር በቀላሉ ያልፋል። ከዚህ በፊት እ.ኤ.አ. በ2004 ኒው ሜክሲኮ ላይ በ2011 ደሞ ሲንጋፖር ላይ ተሞክሮ መብረቁን መምራት አልተቻለም ነበር። የዜንቲሱ ሌዘር በሰከንድ 1000 ጊዜ ገደማ ስለሚተኩስ አንዱ መስመር በቅጡ ሳይዘጋ ሌላው ይደርሳል፣ ልዩነቱን ያመጣው ዋነኛው ነገር ይሄ ነው።

ጥያቄ (ከአዘዞ፣ የፊዚክስ መምህር)፦ ተማሪዎቼ የአየር የስብረት ኢንዴክስ ቋሚ ነው ብዬ ሳስተምር ስለዚህ ሌዘር እያነሱ ይከራከሩኛል። ምን ያህል ነው የሚለወጠው? ክፍል ውስጥ በቁጥር የማሳየው ነገር ካለ።

መልስ፦ መምህር፣ ተማሪዎችዎ እንዲህ የሚሞግቱ ከሆነ እግዜር ይስጥልን፣ ትምህርቱ ደርሷቸዋል ማለት ነው። ቁጥሩ እንዲህ ነው፣ ባሕር ወለል ላይ የአየር ኢንዴክስ፣ ማለትም ብርሃን ከባዶ ቦታ ይልቅ ስንት እጥፍ እንደሚዘገይ የሚነግረን ቁጥር፣ 1.00027 ገደማ ነው። ፊላመንት ውስጥ ባለው 50 ትሪሊዮን ዋት በካሬ ሴንቲ ሜትር ብርታት የሚጨመረው 0.000015 አካባቢ ነው። ሲያዩት እዚህ ግባ አይባልም፣ ግን የሞገዱ ርዝመት ከአንድ ማይክሮ ሜትር በታች ስለሆነ አንድ ሜትር ሲሄድ መሀሉ ከዳሩ በ15 ማይክሮ ሜትር ይዘገያል ማለት ነው፣ ያ ወደ 19 የሞገድ ርዝመት ነው። ተማሪዎቹ 15ን ለ0.8 አካፍለው ራሳቸው ቢያገኙት ደስ ይላል። ቋሚ ነው ብለው ማስተማርዎ ስህተት አይደለም፣ ለደካማ ብርሃን የሚል ቃል ብቻ ይጨምሩበት።

ደሞ ለጎንደር ልጆች የሚሆን ተጨማሪ አለ። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2100 ሜትር በላይ ነው፣ የአየሩ ግፊት የባሕር ወለሉ 78 በመቶ ገደማ ነው። ሞለኪውሎቹ በዛው ልክ ስለሚያንሱ አየሩ ብርሃንን የሚሰበስብበት አቅምም በዛው ልክ ይቀንሳል፣ ስለዚ ባሕር ዳርቻ ላይ 3 ጊጋ ዋት የሚበቃው ሌዘር አዘዞ ላይ 4 ጊጋ ዋት አካባቢ ያስፈልገዋል። ራስ ደጀን ላይ ቢወጡ ደሞ ከ5 ጊጋ ዋት ወዲህ አይነሳም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ፐልሱ በጣም ካጠረ አየሩ በሌላም መንገድ ይነካካዋል። አጭር ፐልስ የብዙ ቀለማት ድምር ነው፣ አየር ውስጥ ቀዩ ከሰማያዊው በጥቂቱ ይቀድማል፣ ስለዚ 10 ፌምቶ ሰከንድ የነበረ ፐልስ ዝም ብሎ 5 ሜትር አየር ቢያቋርጥ 30 ገደማ ሆኖ ይደርሳል። 100 የነበረው ግን በዛ ርቀት ምንም አይሆንም ማለት ይቻላል። ለዛ ነው እጅግ አጭር ፐልስ የሚጠቀሙ ላብራቶሪዎች ጨረሩን አየሩ ተመጥጦ በወጣ ቱቦ ውስጥ የሚያሳልፉት።

ጥያቄ (ከደባርቅ፣ አስጎብኚ)፦ እኛ ሰሜን ተራሮች ላይ በክረምት ጉም ሲወርድ የባትሪ ብርሃን አምስት እርምጃ አያሳይም። እንዲህ ያለ ሌዘር በጉምና በዝናብ ያልፋል?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ መልሱም እኔን ያስደነቀኝ ነው። ፊላመንቱ 100 ማይክሮ ሜትር ገደማ ነው ብለናል፣ እዛ ልክ አንድ የውሃ ጠብታ ፊት ለፊት ቢገጥመው ያልቅለታል ብለህ ታስባለህ። እ.ኤ.አ. በ2003 ተመራማሪዎች ይሄን ሞክረው ፊላመንቱን ሙሉ በሙሉ የሚጋርድ ጠብታ መንገዱ ላይ አደረጉ፣ ጠብታው መሀሉን ያዘው፣ ፊላመንቱ ግን ትንሽ አለፍ ብሎ እንደገና ተሰራ። ምክንያቱ ዓይን የሚያየው ቀጭኑ መሀል የጉልበቱ አነስተኛ ክፍል ብቻ መሆኑ ነው፣ አብዛኛው ጉልበት በዙሪያው ሰፋ ብሎ አብሮት ይሄዳል፣ መሀሉ ሲመታ ከዙሪያው ይመጣና ይተካዋል። ስለዚ በቀላል ጉም ያልፋል። ሲበዛ ግን ጠብታዎቹ ከዙሪያውም ጉልበት እየወሰዱ ኃይሉ ከ3 ጊጋ ዋቱ በታች ያወርዱታል፣ ያኔ ያበቃል። እናንተ ጋ ገደሉ ጫፍ ላይ ተንፏቆ የሚወጣውን ወፍራም ጉም ብዙ ርቀት ያልፈዋል ብዬ አልዋሽህም።

ፊላመንቱ ደሞ በባዶ ዓይን በጎን ሲታይ ምን ይመስላል ካልከኝ ጨለማ ክፍል ውስጥ ደብዛዛ ሰማያዊ መስመር ነው፣ ከናይትሮጅን የሚወጣ ብርሃን ነው። ድምፅም አለው፣ እያንዳንዱ ፐልስ አየሩን ስለሚያስደነግጠው ጧ ጧ ይላል፣ በሰከንድ 1000 ሲሆን ያፏጫል። ጫፉ ላይ ነጭ ካርድ ብትይዝ መሀሉ ነጭ ክብ በዙሪያው ባለ ቀለም ቀለበቶች ይታያሉ፣ መጀመሪያ ሲገባ ዓይን የማያየው አንድ ቀለም ብቻ የነበረው ብርሃን መንገድ ላይ ሁሉንም ቀለም ወልዶ ነው የሚወጣው። የቀለማቱ ቅደም ተከተል ደሞ ክረምት ላይ ከምናየው ቀስተ ደመና የተገላቢጦሽ ነው፣ ቀስተ ደመና ላይ ቀዩ ውጪ ነው፣ እዚህ ወደ ሰማያዊ የሚያደላው ነው ወደ ውጪ የሚርቀው።

ይሄ ነጭ ብርሃን ጥቅም አለው። ቴራሞቢል የሚባል የፈረንሳይና የጀርመን ተመራማሪዎች ስራ ነበር፣ ሌዘሩን በሙሉ ኮንቴይነር ውስጥ ጭነው ወደሚፈልጉት ቦታ ይወስዱታል፣ ወደ ሰማይ ይተኩሱና ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ከአየሩ ተመልሶ የሚመጣውን ነጭ ብርሃን በቴሌስኮፕ ይሰበስባሉ፣ የትኛው ቀለም እንደጎደለ አይተው አየሩ ውስጥ ምን ጋዝ ምን ያህል እርጥበት እንዳለ ያነባሉ።

ጥያቄ (ከአራዳ፣ እናት)፦ ልጄ ገበያ ላይ አረንጓዴ ሌዘር ገዝቶ ማታ ማታ ወደ ሰማይ ያበራል። ያ ቪዲዮ ከመጣ ወዲህ ጎረቤቶች መብረቅ ይጠራብናል እያሉ ያስፈራሩኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ እትዬ፣ መብረቅ አይጠራም፣ በዚህ በኩል ይረጋጉ። እንዲህ ያለች ሌዘር 5 ሚሊ ዋት ናት ቢባል አየሩ እንዲለወጥ ከሚያስፈልገው 3 ጊጋ ዋት በ600 ቢሊዮን እጥፍ ታንሳለች፣ አየሩ መኖሯንም አያውቅም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ገበያ ላይ ያሉት ብዙዎቹ ላያቸው ላይ ከተጻፈው በላይ ኃይል አላቸው፣ አንዳንዶቹ አረንጓዴዎች ደሞ ዓይን የማያየው ኢንፍራሬድ ብርሃን አብረው ያፈሳሉ። የሰው ዓይን ውስጥ ከገባ ሬቲናን (ከዓይን በስተኋላ ብርሃን የሚቀበለውን ስስ ሽፋን) ያቃጥላል፣ የተቃጠለ ሬቲና አይመለስም። ወደ ሰማይ ማብራቱም አዘዞ አየር ማረፊያ ላለባት ከተማ አደገኛ ነው፣ ለማረፍ የሚወርድ አውሮፕላን ላይ ያለን አብራሪ ዓይኑን ለጊዜው ሊያሳውረው ይችላል። ልጅዎን ሳይቆጡት ይውሰዱበት፣ ነገሩ የሚስበው ልጅ ስለሆነ የቀደመውን መልስ ያንብቡለት።

ጥያቄ (ከቀበሌ 18፣ ስማቸውን ያልገለጹ አባት)፦ እኛ አገር ደብሮች ሁሉ ኮረብታ ላይ ናቸው፣ መብረቅ ይመታቸዋል። የደብረ ብርሃን ሥላሴ የቀድሞው ቤተ ክርስቲያን በመብረቅ ነው የጠፋው ሲባል ሰምቻለሁ። ይሄ ሌዘር ለኛ ይሆናል?

መልስ፦ አባቴ፣ የመጀመሪያው ክብ ሕንፃ በመብረቅ እንደጠፋ ይነገራል፣ አሁን ያለው ከዛ በኋላ የተሠራ ነው። ሌዘሩ ግን ለደብር የሚሆን አይደለም። የታሰበው ለሮኬት ማስወንጨፊያ፣ ለትልልቅ አየር ማረፊያዎችና ለመሳሰሉት ነው፣ ተራ የመብረቅ ዘንግ የሚከላከለው በቁመቱ ልክ ያለ ዙሪያን ስለሆነ፣ 10 ሜትር ዘንግ 10 ሜትር ገደማ ዙሪያ፣ ሰፊ ሜዳን በዘንግ መሸፈን ስለሚያስቸግር ነው። ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ግን ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያመጣው ዘንግ ዛሬም ይበቃል፣ በጥሩ ወፍራም የመዳብ ገመድ እስከ መሬት ወርዶ እርጥብ አፈር ውስጥ በደንብ ከተቀበረ። ገመዱ መሀል ላይ ከተቆረጠ ወይ ከመሬት ከተነቀለ ግን ዘንጉ መኖሩ ይብሳል፣ ስለዚ ክረምት ከመግባቱ በፊት አንድ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጠርተው መጋጠሚያዎቹንና መሬት ውስጥ ያለውን ያስፈትሹ። ነጎድጓድ ሲጀምር ደሞ ቅጽሩ ውስጥ ያሉት ትልልቅ ዛፎች ስር ሕዝብ እንዳይጠለል ያስነግሩ፣ መብረቅ ዛፉን ከመታ በኋላ ወደ ጎን ወደ ሰው ይዘላል። ብልጭታውን አይተው ድምፁ እስኪመጣ ሰከንድ ይቁጠሩ፣ 3 ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ነው፣ ከ30 በታች ከሆነ ሰው ሁሉ ወደ ውስጥ ይግባ፣ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ ግማሽ ሰዓት እስኪሞላም አይውጣ።